ቦዩ ተሰነጠቀ፤ ጥፋቱ የብረት ነው የአፈር?

ባሕር ዳር ላይ ሚያዝያ ሲጋመስ የሚደወልልኝ ስልክ ሁሉ “ለግቢው ቦይ ስንት ቤርጋ ፌሮ ልግዛ?” የሚል ነው፤ ቤርጋ የምንለው አንዱን የ12 ሜትር የኮንክሪት ብረት (ፌሮ) ዘንግ ነው። ነሐሴ ሲገባ ያው ሰው መልሶ ይደውልና “ያን ሁሉ ብረት በልቶ እንዴት ተሰነጠቀ?” ይለኛል። በመካከሉ መነሳት የነበረበት ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል፤ ለመሆኑ ይህ ቦይ ብረት ያስፈልገዋል ወይ? ካስፈለገውስ በየትኛው ፊቱ በኩል ነው? ተዳፋት አወጣጥን፣ የድብልቅ ልክንና ውሃ ማጠጣትን እንደምታውቁ ቆጥሬ አልፌዋለሁ። የማወራው ደጋግሜ ስለምጠግነው ነገር ነው።

ብረት የሚገባው ቦይና የማይገባው

ኮንክሪት ሲጫኑት ጠንካራ፣ ሲስቡት ደካማ ነው። መሳብን የመቋቋም አቅሙ ጭነትን ከሚቋቋምበት አቅም አንድ አሥረኛ ቢደርስ ነው። ፌሮ የሚገባው ለሚሳበው ወገን ብቻ ነው። ስለዚህ ውሳኔው የጎረቤትን ቦይ አይቶ የሚሰጥ አይደለም፤ ጥልቀቱን፣ በላዩና በአጠገቡ የሚያልፈውን ጭነት፣ የተቆፈረበትንም አፈር አይቶ ነው።

ጥልቀቱ እስከ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ የጣሪያና የግቢ ውሃ ብቻ የሚያወርድ፣ መኪና የማይደርስበትና በቀይ ወይም በድንጋያማ አፈር ላይ የተቀመጠ ቦይ ብረት አያስፈልገውም። ግድግዳውንና ወለሉን 12 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ በደንብ ሙሉት፤ በየ3 ሜትሩ ቆርጣችሁ መለያያ ተዉለት። ለፌሮ ያሰባችሁትን ገንዘብ ለጠጠርና ለንጹሕ አሸዋ አውሉት።

ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ያለው የሚያከራክረው ክልል ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስታውሱ፤ ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን አፈሩ በግድግዳው እግር ላይ የሚያሳድረው የማጠፍ ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። “ትንሽ ጠለቅ እናድርገው” የሚባለው ቃል ትንሽ ነገር አይደለም። አፈሩ ጥሩ ከሆነና ወለሉና ግድግዳው በአንድ ጊዜ ከተሞላ የ15 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ያለ ብረት ይቆማል። ወለሉ ዛሬ፣ ግድግዳው በማግስቱ የሚሞላ ከሆነ ግን ሁለቱን የሚያያይዝ ብረት ግዴታ ነው።

ከ1 ሜትር ያለፈ ጥልቀት፣ ወይም ከቦዩ ጠርዝ እስከ መንኮራኩሩ ያለው ርቀት ከጥልቀቱ ሲያንስ፣ ወይም አፈሩ ዋልካ (ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር) ሲሆን ብረት ይገባል። ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ካለፈ፣ ወይም የአጥር መሠረት ቦዩ ጥግ ላይ ከተቀመጠ በግምት አትሥሩ፤ መሐንዲስ ያስላው። አጥር አጠገብ የተቆፈረ ቦይ ይዞት የሚወድቀው ራሱን ብቻ አይደለም።

ክዳን ግን ክርክር የለውም። በላዩ የሚረገጥ ክዳን ሁሉ ብረት ያስፈልገዋል፤ ሕፃን ልጅ ብቻ የሚያልፍበትም ቢሆን።

ዋናው በሽታ፦ ግድግዳው ወደ ውስጥ ሲያዘነብልና እግሩ ላይ በቦዩ ርዝመት ሲሰነጠቅ

ከምጠራባቸው ቦዮች አብዛኞቹ በዚህ የታመሙ ናቸው። መጀመሪያ የሚታየው ግድግዳው ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ ሌላው ቦታ ሲደርቅ ያ መስመር እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ በእሱም በኩል ጥቁር ጭቃ ይተፋል። ቀጥሎ የቦዩ አፍ መጥበብ ይጀምራል። ይህን በዓይን መፍረድ አይቻልም። በቦዩ የመጀመሪያ ስፋት ልክ አንድ ደረቅ እንጨት ቁረጡ፤ ከላይኛው ጠርዝ ላይ አግድማችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየገፋችሁ ሂዱ። እንጨቱ የሚነክስበት ቦታ ግድግዳው የገባበት ነው። በእርሳስ ምልክት አድርጉበትና ስንጥቁን እዚያ ቦታ ላይ መርምሩ።

ስንጥቁ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ፣ ከንፈሩም ለስላሳ ሆኖ የተሰበረ ጠጠር ካልታየበት ያ ስንጥቅ ሳይሆን መጋጠሚያ ነው። ወለሉ ደርቆ፣ አቧራና ቅጠል ወድቆበት፣ ሳይጠረግ ግድግዳው በላዩ ተሞልቷል፤ ሁለቱ ሳይያያዙ ተቀምጠው ነበር ማለት ነው። መስመሩ ጠጠሩን እየሰበረ የሚዞር ከሆነ ግድግዳው በእውነት ታጥፎ ተሰብሯል። በበጋ የሚከፈትና በክረምት የሚዘጋ፣ ወይም የዚህ ተቃራኒ ከሆነ ጣታችሁን ወደ አፈሩ ቀስሩ። ለማረጋገጥ በስንጥቁ ላይ ትንሽ ጄሶ ለጥፉና ቀኑን ጻፉበት። ጄሶው ሲሰነጠቅ አፈሩ አሁንም እየሠራ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ለልስን ሠራተኛ ደመወዝ ከመክፈል በስተቀር ጥቅም የለውም።

ዋልካን በሚመለከት ረዘም አድርጌ ልናገር። ከሐይቁ ዳር በሚጀምረው ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ጥቁር አፈር ብዙ ነው፤ ወደ በዛዊት ኮረብታ ከፍ ሲል ቀይ አፈርና ድንጋይ ይገኛል፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱም የሚገኙበት ጊዜም አለ። ስለዚህ በሰፈር ስም አትፍረዱ፤ ቆፍራችሁ እዩ። ከተማዋ በዓመት ከምታገኘው ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ከሚጠጋ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሰው ሁሉ ደግሞ ቦይ የሚቆፍረው “ክረምት ሳይገባ” ብሎ በሚያዝያና በግንቦት፣ ዋልካው ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ በሚያወጣበት ወቅት ነው። አፈሩ በጣም በተኮማተረበት ቀን ኮንክሪቱ ይሞላል፤ በሐምሌ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ መሄጃ ስለሌለው ግድግዳውን ይገፋል፣ ወለሉን ያነሳል። ተራ አፈር በ1 ሜትር ጥልቀት ላይ ግድግዳውን የሚገፋው በካሬ ሜትር ከ1 ቶን ባነሰ ኃይል ነው። ታፍኖ የሚያብጥ ዋልካ ግን በካሬ ሜትር 10 ቶንና ከዚያም በላይ ሊገፋ ይችላል። ይህን በፌሮ ብዛት አሸንፋለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው።

ከሐይቁ ብዙ ሳይርቅ ያለ አንድ ማረፊያ ቤት ጓሮ የሆነው ይኸው ነው። ጥልቀቱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነው ቦይ ባለ 12 (ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ) ፌሮ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ታስሮለታል፤ ለዚያ መጠን ቦይ ከበቂ በላይ ነው። በነሐሴ የአፉ ስፋት በ4 ሴንቲ ሜትር ጠቦ፣ ወለሉም ቦታ ቦታ ተነስቶ ውሃው ወደ ኋላ ይፈስ ነበር። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው።

“ልጄ፣ ባለ 14 ባስገባ ይሻል ነበር?” አሉኝ።

“እማማ፣ ባለ 20 ቢያስገቡም ያው ነው” አልኋቸው።

ከግድግዳው ኋላ ስናስቆፍር የተመለሰው ሙሌት ከዚያው ጉድጓድ የወጣው ጥቁር አፈር ነበር። ከወለሉ ሥርም ምንም አልተነጠፈም። ሠሪው ገረጋንቲ (ተመርጦ የሚመጣ የማያብጥ የሙሌት አፈር) ማስመጣት “ወጪ ማብዛት” መስሎት ትቶታል፤ በዚያ የተረፈው ገንዘብ ሁሉ ፌሮ ሆኗል። ስንሠራው ብረቱን በግማሽ ቀንሰን የቀረውን ለአፈር ለውጥ አዋልነው።

መፍትሔው እንደሚከተለው ነው። ከወለሉ ሥር ቢያንስ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ከግድግዳዎቹም ኋላ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ዋልካውን አውጡና በገረጋንቲ ተኩት። በአንድ ጊዜ ከ20 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ እየደለደላችሁ፣ ውሃ እያርከፈከፋችሁ ጠቅጥቁ። በልቅ ጠጠር ብቻ አትሙሉት፤ ጠጠር ውሃ ይሰበስባል፣ ሥሩ ያለው ዋልካም ያንን ውሃ እየጠጣ ከታች ያብጣል። የላይኛውን 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ በማያሳልፍ አፈር ወይም በንጣፍ ዝጉ፤ የጣሪያ አሸንዳ ከቦዩ ግድግዳ ኋላ እንዳያፈስ ተጠንቀቁ። ጉድጓዱንም ቆፍራችሁ ለፀሐይ ትታችሁት አትሂዱ፤ ተቆፍሮ እንደተጠቀጠቀ የንጽሕና ኮንክሪቱ (ከወለሉ ሥር የሚነጠፈው ስስ ኮንክሪት) ይከተል። ከዚህ በኋላ ብረት ማስገባት ትርጉም ይኖረዋል፤ ለ1 ሜትር ቦይ ባለ 10 በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወንጀል ልምጣ፤ ብረቱ አለ፣ ግን የተሳሳተ ፊት ላይ ነው። አፈር ግድግዳውን ወደ ቦዩ ውስጥ ሲገፋው የሚሳበው በአፈሩ በኩል ያለው ፊት ነው። ፌሮውም መቆም ያለበት በአፈሩ በኩል ነው። በተግባር የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። ፌራዮው (ብረት አሳሪው) ለማሰር የሚቀልለው ከውስጠኛው ካሳፎርማ (ኮንክሪት ከሚሞላበት ቅርጽ) ጋር ስለሆነ መረቡን ወደ ውሃው ፊት ያስጠጋዋል። አንዱን ለምን ብዬ ብጠይቀው “ጋሼ፣ ውስጥ እስከገባ ድረስ ምን ለውጥ አለው?” አለኝ። ለውጡ ይህ ነው፤ ያ ግድግዳ ምንም ብረት እንደሌለው ሆኖ ይሰበራል፤ የብረቱ ሒሳብ ግን ተከፍሏል።

አንዴ ከተሞላ ብረቱን ማዛወር አይቻልም፤ የግድግዳውን አሠራር መለወጥ ግን ይቻላል። በሁለቱ ግድግዳዎች አፍ መካከል በየ1.5 ወይም በየ2 ሜትሩ 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት አግዳሚ ሙሉ። ያኔ ግድግዳው ከላይም ከታችም ስለሚያዝ መሐሉ ላይ የሚሳበው የውስጠኛው ፊት ይሆናል፤ ያለ ቦታው የገባው ብረትም ሥራ ያገኛል። ይህ የሚያገለግለው ግድግዳው ገና 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያዘነበለ ከሆነ ነው። ከዚያ ካለፈ አፍርሱት።

ችግሩ የመጋጠሚያው ብቻ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ጥጉን በመሮ አሻክሩ፣ አጥቡ፣ በውሃ የተበጠበጠ ሲሚንቶ ቀቡና ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰያፍ ኮንክሪት በጥጉ ላይ ሙሉበት። ለአዲስ ሥራ ከወለሉ ወደ ግድግዳው በአፈሩ ፊት በኩል የሚወጣ የታጠፈ ባለ 10 ፌሮ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ተዉ። ከግድግዳው ብረት ጋር የሚደራረበው ርዝመት 50 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የ20 ሴንቲ ሜትር ድርብ አስሮ “ተያይዟል” የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ሥራውን አስቁሙ።

ክዳኑ መሐሉ ላይ ሲሰበር

ክዳን ከላይ ሲጫን የሚሳበው ሆዱ ነው፤ ብረቱም ከታች መሆን አለበት። ለ60 ሴንቲ ሜትር ክፍተት እግረኛ ብቻ የሚያልፍበት ክዳን ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ብረቱ ባለ 8 በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ሆኖ በአጭሩ አቅጣጫ፣ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይዘርጋ። ባጃጅና የቤት መኪና የሚያልፍበት በር ላይ 15 ሴንቲ ሜትርና ባለ 12 ይሁን። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንዱ የኋላ አክስሉ ብቻ ወደ 10 ቶን ሊያሳርፍ ይችላል። “አንድ ቀን ብቻ ነው የሚገባው” አትበሉ። ክዳኑን የሚሰብረው ያ አንድ ቀን ነው፤ ብዙ ጊዜም የዚያው ግቢ የግንባታ አሸዋ የሚመጣበት ቀን ነው።

በትክክል የተሠራ ክዳን የሚሰበርበት ሌላ መንገድ አለ። ከክረምት በፊት ቦዩ ይጠረጋል፤ የቀን ሠራተኞቹ ክዳኑን አንስተው ሲመልሱ ይገለብጡታል። ከታች የነበረው ብረት ወደ ላይ ይወጣል፣ ሆዱ ባዶ ይቀራል። አንድ የገበያ አዳራሽ ፊት ለፊት ያሉ ክዳኖች በአንድ ክረምት ውስጥ ተራ በተራ ሲሰበሩ ባለቤቱ ሲሚንቶውን ሲራገም ነበር። ስንገለብጣቸው ላይ መሆን የነበረበት ለስላሳው ፊት ከታች ሆኖ ተገኘ። በቀለም የተጻፈ ምልክት በአንድ ወቅት ይጠፋል፤ ኮንክሪቱ ሳይደርቅ በሚስማር “ላይ” ብላችሁ ጻፉበት። የማንሻ ቀለበቱንም በላይኛው ፊት ብቻ አድርጉ፤ ያን ጊዜ የሚገለብጠው ሰው ራሱ ይቸገራል። የተሰነጠቀ ክዳን ላይ ላሜራ ጥሎ ማለፍ የሚባል ልማድ አለ፤ በማታ እግር የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው።

የዝገት እድፍና የሚላጥ ኮንክሪት

ቡናማ መስመር ከታየ ብረቱ ወደ ፊት ቀርቧል ማለት ነው። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይልጠዋል። አፈር የሚነካው ፊት ላይ ብረቱን የሚሸፍነው ኮንክሪት 5 ሴንቲ ሜትር፣ ያለ ካሳፎርማ በቀጥታ በአፈር ላይ ከተሞላ 7.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን። እንግዲህ አስሉት፤ በ10 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ውስጥ በሁለቱም በኩል 5 ሴንቲ ሜትር ሲተው ለብረቱ ቦታ አይቀርም። ብረት የሚገባበት ግድግዳ ከ15 ሴንቲ ሜትር አይነስ። በ10 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ውስጥ የገባ ፌሮ ግድግዳውን ከጊዜው በፊት ያፈርሰዋል፤ ያለ ብረት ቢሆን ይሻለው ነበር።

መረቡን በእንጨት ቁራጭ ወይም በተገኘው ድንጋይ ማስደገፍም ይቁም። እንጨቱ ይበሰብስና ለውሃ ቀዳዳ ይተዋል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ትንንሽ ማስደገፊያዎች ቀድማችሁ ሥሩ። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ በድብቅ ወደ ጎርፍ ቦይ የሚለቅ ግቢ ካለ ደግሞ ኮንክሪቱም ብረቱም ዕድሜ አይኖራቸውም፤ ይህን በድብልቅ አትከላከሉትም፣ ቱቦውን አስዘጉ።

ሐይቁ ዳር ወለሉ ሲነሳ

ዋልካ ሳይኖርም ቦዩ ከነግድግዳው ከፍ የሚልበት ቦታ አለ። የጣና ውሃ ክረምቱን ሲሰበስብ ከርሞ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ በዳርቻው የከርሰ ምድር ውሃውም አብሮ ይወጣል። የውስጥ ስፋቱ 60፣ ጥልቀቱ 80፣ ውፍረቱ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባዶ ቦይ በአንድ ሜትር ርዝመት 700 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ዙሪያው እስከ አፉ በውሃ ከተሞላ ግን የሚያነሳው ኃይል ወደ 770 ኪሎ ግራም ነው። ብረት እዚህ ምንም አያደርግም። ውፍረቱን ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ማሳደግ ሚዛኑን ለጥቂት ወደ እናንተ ያመጣዋል። አስተማማኙ ግን በግድግዳው እግር ላይ በየ1.5 ሜትሩ ባለ 50 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ማሳለፍና ከኋላው ጠጠር በጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ነው። ዋልካ ባለበት ይህን አታድርጉ፤ ውሃውን ወደ አፈሩ መልሳችሁ ታጠጡታላችሁ።

አልፎ አልፎ የሚታዩ

በየ3 ወይም 4 ሜትሩ ቦዩን አቋርጦ የወጣ ቀጭን ስንጥቅ የመኮማተር ነው፤ በሬንጅ ዝጉትና እርሱት። የዋርካ ሥር ያነሳው ወለል ሥሩ ሳይቆረጥ አይጠገንም። መውጫው ላይ አፈሩ ተበልቶ ጫፉ የተንጠለጠለ ቦይ ድንጋይ ይደርደርለት። ፊቱ እንደ ዱቄት የሚራገፍ ኮንክሪት ውሃ በዝቶበታል፤ ሊሾ አይፈውሰውም።

ፌሮውን መዝኑት

ብረት ይገባል ብላችሁ ከወሰናችሁ ስትገዙ ሚዛን ላይ አውጡት። የ12 ሜትር ቤርጋ ባለ 8 ከሆነ 4.7 ኪሎ፣ ባለ 10 ከሆነ 7.4 ኪሎ፣ ባለ 12 ከሆነ 10.7 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ባለ 10 ተብሎ 6 ኪሎ የሚመዝን ብረት በእውነቱ ባለ 9 ነው፤ አቅሙም አንድ አምስተኛ ያህል ቀንሷል። ሻጩ “ሁሉም እንዲህ ነው” ሲላችሁ በኪሎ ክፈሉ ወይም ተዉት። ከፈረሰ ቤት የወጣ፣ በመዶሻ የተቃና ፌሮም አትቀበሉ፤ ከተቃናበት ቦታ ላይ ነው የሚሰበረው።

ይህ ሁሉ ከበዛባችሁ ደግሞ ይህች ከተማ በባዛልት ድንጋይ ላይ የተቀመጠች መሆኗን አስቡ። ለ1 ሜትር ጥልቀት እግሩ 50፣ አፉ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የድንጋይ ግንብ በክብደቱ ስለሚቆም ፌሮ አይጠይቅም፤ ጥሩ ግንበኛም ከጥሩ ፌራዮ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። ቅልቅሉ 1 ለ 3 (ሲሚንቶ ለአሸዋ) ይሁን፤ ድንጋዩ ይታጠብ፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ በጠጠር ብቻ ሳይሆን በሲሚንቶ ቅልቅል ይሞላ። ዋልካ ላይ ከሆነ የአፈሩ ለውጥ ለግንብም አይቀርም። ክዳኑም ያው ነው፤ በግንብ ላይ ቢቀመጥም ሆዱ ውስጥ ብረት ያስፈልገዋል።